ደራሲና ጋዜጠኛ ጆርጅ ኦርዌል

ጆርጅ ኦርዌል ተብሎ በዓለም የታወቀው እንግሊዛዊ ደራሲ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ኤሪክ አርተር ብሌር ነበር። የተወለደው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1903 ዓ.ም. አባቱ በመንግሥት ሥራ ላይ በነበረበት በሕንድ አገር ነው። ገና ሕፃን ሳለ እናቱ ወደ እንግሊዝ አገር ወሰደችው፤ ካደገም በኋላ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ኢተን በሚባለው ስመ ጥሩ ትምህርት ቤት ተማረ። ነገር ግን ዩኒቨርስቲ አልገባም። በ1922 ዓ.ም. ወደ በርማ ሄዶ የፖሊስ መኰንን ሆነ። አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ የሌላውን አገር ሕዝብ በኀይል መግዛት ኅሊናውን ስለ ከበደው ሥራውን ለቀቀ። ደኅና ደመወዝ ትቶ ወደ ችግር መግባት ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ወዲያ በለንደን ከቤት የለሾች ጋር አደረ፤ በፓሪስ በሆቴል ወጥ ቤት ሳሕን አጠበ። ይህን የሚተርከውን የመጀመሪያ መጽሐፉን በ1933 ዓ.ም. ሲያሳትም ቤተ ሰቡን እንዳያሳፍር ብሎ ስሙን ለወጠ። ኦርዌል በምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኝ ወንዝ ስም ነው።

በ1936 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ እስፓኝ የርስ በርስ ጦርነት ለጋዜጣ ሊጽፍ ሄደ፤ እዚያ ሲደርስ ግን ጠመንጃ አንሥቶ ከሪፑብሊኩ ወገን ተሰለፈ። በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት ወር ጥይት ጕሮሮውን በስቶት ለጥቂት ተረፈ። ቍስሉ ገና ሳይድን የተሰለፈበት ፓርቲ በዚያው በሪፑብሊኩ ወገን በነበሩት ኮሚኒስቶች እንደ ከዳተኛ ተቈጥሮ አባሎቹ ይታሰሩ ጀመር፤ እርሱም ከሚስቱ ጋር ድንበር ተሻግሮ አመለጠ። ያየውን ቢጽፍ የሚሰማው አላገኘም። ከታተመው 1,500 ቅጂ እንኳ እስከ ሞቱ ድረስ ተሸጦ አላለቀም። የጠላትን ጥፋት የሚጽፍ ብዙ ነው፤ የራሱን ወገን ጥፋት ግን ደፍሮ የሚጽፍ ጥቂት ነውና በእኔ አስተያየት ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቢ.ቢ.ሲ. ራዲዮ ወደ ሕንድ የሚተላለፍ ፕሮግራም ያዘጋጅ ነበር፤ በኋላም ትሪቢዩን በተባለው ጋዜጣ በየሳምንቱ ይጽፍ ነበር። «የእንስሳት እርሻ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1944 ዓ.ም. ጽፎ ሲጨርስ ግን፣ መጽሐፉ የስታሊንን አገዛዝ የሚነቅፍ፣ ሩሲያም በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የጦር ጓደኛ ስለ ነበረች፣ አሳታሚዎች ተራ በተራ አንቀበልም አሉት። በዚሁ መካከል የጀርመን ቦምብ ቤቱን አፈረሰበት፤ ጽሑፉ ከፍርስራሹ ውስጥ ተጨማዶ ወጣ። መጽሐፉ በነሐሴ ወር 1945 ዓ.ም. ሲታተም ዝናን አገኘ፤ ሚስቱ ግን በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በኦፕራሲዮን ላይ ሳለች ሞታ ስለ ነበር ይህን ሳታይ ቀረች።

ከዚያም በስኮትላንድ ጁራ በምትባል ደሴት፣ የሳንባ ነቀርሳ እያሠቃየው፣ «1984» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። የመጨረሻውን ግልባጭ ታሞ ሳለ ራሱ በታይፕራይተር መታው። መጽሐፉ በሰኔ ወር 1949 ዓ.ም. ታተመ፤ ደራሲውም ጃንዩወሪ 21 ቀን 1950 ዓ.ም. በ46 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ሞተ። የተቀበረው በአንድ ትንሽ መንደር ቤተ ክርስቲያን ሲሆን በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተጻፈው ስም ኤሪክ አርተር ብሌር የሚለው ነው።