ገብረ ክርስቶስ ደስታ በአንድ መስመር?

የምሠራበት የሥነ ጥበብ መጽሔት ስለ ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ አንድ መስመር ብቻ እንድጽፍ ሰጠኝ። ጋለሪ ለጋለሪ ስዞር ውዬ ዳንፎርዝ ቡና ይዤ ተቀመጥኩ፤ አልበቃ አለኝ።

በ1932 እ.ኤ.አ. ሐረር ተወለደ። አባቱ ብራና ላይ የሚጽፉ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ኮሎኝ፣ ጀርመን ተምሮ ተመለሰና አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ረቂቅ ሥዕሉን የፈረንጅ ነው ያሉ ነበሩ፤ ከብራና ጸሐፊ ቤት የወጣ ልጅ ቅርጽን ከባዕድ ብቻ ተማረ ማለት ግን ይከብደኛል። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። ከአብዮቱ በኋላ ተሰደደ፤ በ1981 ኦክላሆማ፣ ሎውተን ውስጥ ሃምሳ ሳይሞላው ዐረፈ። ከጀርመን የተመለሱ ሥዕሎቹ ዛሬ አዲስ አበባ፣ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም አሉ፤ እሱ አገሩን ዳግም አላየም።

አራት መስመር አድርጌ ላክሁት። እስካሁን መልስ የለም።