በጨዋታ ሕፃናትን የመረመሩት ሐኪም
የዶክተር አርኖልድ ጌዜል አጭር የሕይወት ታሪክ

በአገራችን በአዲ አርቃይ አንድ ሕፃን ግድግዳ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም ያየች እናት ሥራዋን ጥላ፥ እጇን እያጨበጨበች ወፌ ቆመች ትላለች። ይህ ነገር ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን እናቲቱ ሳታስበው ልጇን መመርመሯ ነው። እግሩ መጽናቱን፥ ለጭብጨባው ፊቱን ማዞሩን፥ መሣቁን፥ ወደ እርሷ ለመራመድ መድፈሩን በዚያች ቅጽበት ታያለች።

እንዲህ ያለውን የእናቶች ጥበብ ወደ ሐኪም ቤት አስገብተው፥ በመለኪያና በፎቶግራፍ አጽንተው ካስተማሩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ዶክተር አርኖልድ ጌዜል ናቸው። በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የእርሳቸውን ታሪክ ለመጻፍ ያሰብሁት፥ የሕፃናትን ጨዋታ እንደ ሥራ ፈትነት የሚቈጥር ሰው በመካከላችን ስለማይጠፋ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጌዜል በ1880 በዊስኮንሲን ክፍለ አገር፥ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኝ አልማ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ፎቶግራፍ አንሺ፥ እናታቸው አስተማሪ ነበሩ። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው ስለሆኑ ታናናሾቻቸው ሲድሁ፥ ሲቆሙና አፍ ሲፈቱ እያዩ አደጉ። አንባቢ ሆይ፥ የአባትየውን ካሜራ አትርሳ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወጣቱ ጌዜል በመምህራን ማሠልጠኛ ተምረው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ርእሰ መምህርም ሆኑ። ቀጥሎም በክላርክ ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ ትምህርት አጥንተው በ1906 የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። በ1909 ቢያትሪስ ቻንድለር የተባሉትን አስተማሪ አገቡ። በ1911 ኒው ሄቨን ከተማ ወደሚገኘው ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሄደው እያስተማሩ ለሕፃናት ምርመራ የሚሆን አነስተኛ ክሊኒክ ከፈቱ። ሆኖም የሕፃንን አእምሮ ከሰውነቱ ለይቶ መመርመር እንደማይቻል ስለ ተረዱ፥ ፕሮፌሰር ሆነው ሳሉ እንደ ገና ከተማሪ ወንበር ተቀምጠው በ1915 በሠላሳ አምስት ዓመታቸው የሕክምና ዲግሪ አገኙ። ከታሪካቸው ሁሉ እኔን እጅግ የገረመኝ ይህ ነው።

በዚያው ዓመት የኮኔቲከት ክፍለ አገር በትምህርታቸው ወደ ኋላ የቀሩትን ልጆች እንዲመረምሩ ሾማቸው። ከጊዜ በኋላ ግን ዐይናቸውን ገና ትምህርት ቤት ወዳልገቡት ሕፃናት መለሱ። እዚህ ላይ አንድ ችግር ገጠማቸው፤ መናገር የማይችለውን ሕፃን በምን ይጠይቁታል?

መልሱ መጫወቻ ሆነ። ከሕፃኑ ፊት ጎናቸው አንድ ኢንች፥ ማለት ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል የሆኑ ቀይ የእንጨት ኩቦች ያስቀምጡለታል። ኩባያ፥ ደወል፥ ኳስ፥ ክር የታሰረበት ቀለበት፥ እንደ ፍሬ ያለች ክኒንም ያቀርቡለታል። ከዚያ በኋላ ማየት ነው። በ28 ሳምንት ዕድሜው ኩቡን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራል። በ15 ወር ሁለት ኩቦች ይደራርባል፤ በ18 ወር ሦስት ወይም አራት፤ በሁለት ዓመቱ ስድስት ወይም ሰባት፤ በሦስት ዓመቱ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ደርሶ በሦስት ኩቦች ድልድይ መሥራት ይጀምራል። ቍጥሩ ብቻ አይደለም የሚታየው። ጣቶቹ እንዴት እንደሚይዙ፥ ማማው ሲወድቅ ሕፃኑ ምን እንደሚያደርግ፥ የሠራውን ለእናቱ ያሳይ እንደ ሆነ ሁሉ ይጻፋል። ጌዜል እድገትን በአራት ከፍለው ይመለከቱት ነበር፤ እነዚህም የሰውነት እንቅስቃሴ፥ ነገርን አገናዝቦ መጠቀም፥ ንግግር፥ ከሰው ጋር መግባባት ናቸው።

ነገር ግን ልጅ እንግዳ ሲያይ ከእናቱ ቀሚስ ሥር እንደሚሸሸግ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ጌዜል ክብ ጣሪያ ያለው ክፍል አሠሩ፤ በዙሪያውም ነጭ በተቀባ ቀጭን የሽቦ ወንፊት ጋረዱት። ከውጭ የቆመው መርማሪ ሕፃኑን ያያል፤ ሕፃኑ ግን መርማሪውን አያይም። በውስጡም የሲኒማ ካሜራዎች ነበሩ። የፎቶግራፍ አንሺው ልጅ እንዲህ አድርገው የሰበሰቡትን ከ3,000 የሚበልጥ ፎቶግራፍ በ1934 በሁለት ቅጽ አሳተሙ።

በ1929 ከሥራ ባልደረባቸው ከሔለን ቶምሰን ጋር ሆነው ሁለት መንታ ሴቶች ልጆችን መረመሩ። አንዷን ደረጃ መውጣት ስድስት ሳምንት አለማመዷት፤ ሁለተኛዋ ግን ዘግይታ ጀምራ በሁለት ሳምንት ብቻ ልትደርስባት ምንም አልቀራትም። ከዚህም የተነሣ ጌዜል ልጅ ጊዜው ሳይደርስ ቢያስቸኵሉት ጥቅሙ ጥቂት ነው አሉ። ሌሎች ሊቃውንት ግን ሁለተኛዋም ያለ አስተማሪ በየቤቱ ስትንፏቀቅና ስትንጠላጠል እግሯን አጠንክራለች ብለው ተከራከሯቸው። እኔም ለተከራካሪዎቹ አደላለሁ።

ከዚህ የሚበልጠው ጉድለታቸው ሌላ ነው። መለኪያቸውን ያወጡት በኒው ሄቨን ከሚኖሩ፥ ዘራቸው ከሰሜን አውሮፓ ከሆነ፥ ኑሯቸው መካከለኛ ከሆነ ቤተ ሰቦች ልጆች ነበር። ከሊማሊሞ በታች ያደገ ልጅ ግን የሚያውቀው ጥጃን፥ ጠጠርን፥ የጭቃ በሬን ነው። አይቶት በማያውቀው ዕቃ ተፈትኖ ቢያቅተው ዘገምተኛ ነው ሊባል ይችላል፤ አንድ ጊዜ እንዲህ የተባለ ልጅም ስሙ ቶሎ አይለቀውም።

ዶክተር ጌዜል በ1948 ከዬል ጡረታ ወጡ፤ በ1961 በሰማንያ ዓመታቸው ዐረፉ። በ1967 በዴንቨር ከተማ የወጣው ዝነኛ የሕፃናት ምርመራም እነዚያኑ ቀይ ኩቦች፥ ኳስና ደወል ይዞ ቀጠለ። የኋለኛው እትም 125 ጥያቄዎች አሉት። በአገራችን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህንኑ ምርመራ ወስደው፥ ለእኛ ልጆች እንግዳ የሆኑትን ጥያቄዎች ለውጠው፥ ዕድሜውንም በጅማ ልጆች ለክተው በ2016 አሳተሙት። ከዚያም በኋላ በዚያው በጅማ በምግብ እጥረት ለተጐዱ ሕፃናት ጨዋታን ከሕክምናው ጋር አያይዘው ሰጥተው፥ ለውጡን በዚሁ መለኪያ ተከታተሉት።

እኔም የጌዜልን ቍጥር እንዳነበብሁ የሁለት ዓመት እኅቴን ለመፈተን ቸኵዬ ነበር። ከወንዝ የለቀምሁትን ጠጠር ሰጠኋት፤ ሦስት ደርድራ ፈረሰባት። ደግማም ሦስት ሆነ። ሌሊቱን ሳስብ አደርሁ። በማግሥቱ ለመምህሬ ስነግራቸው፥ ጠጠሩን አምጣ ብለው እኔኑ ደርድር አሉኝ፤ እኔም ከአምስት ማለፍ አቃተኝ፤ ክብ ስለሆነ ይንሸራተታል። ጎረቤታችን አናጢ ከባሕር ዛፍ ቍርጥራጭ ዐሥር ኩቦች ቆርጦ ሰጠኝ። እኅቴ ሰባት ደረደረች፤ በስምንተኛው ማማው ወደቀና እየሣቀች እንደ ገና ጀመረች።