የዘውድ አልጋና የሕመም አልጋ
የዳግማዊ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት

አልጋ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ያመለክታል። ንጉሥ የሚቀመጥበት ዙፋን አልጋ ይባላል፤ ሕመምተኛ የሚተኛበትም አልጋ ይባላል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በዕድሜያቸው መጨረሻ በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ነበሩ። ስለ ዐድዋ ድል፥ ስለ ባቡር ሐዲድና ስለ ስልክ መግባት ያልተማረ ተማሪ የለም። ስለ ረጅሙ ሕመማቸው ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሰው ከማይድን በሽታ ጋር እንዴት ሊኖር እንደሚችል፥ ሥራውንስ ለማን አደራ እንደሚሰጥ ለመረዳት የሚፈልግ ወጣት ከዚህ ታሪክ ብዙ ይማራል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ብላቴናውን ወስደው በመቅደላ አሳደጓቸው። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ሁሉ የሚመሰክሩላቸው ለሥራ ያላቸውን ትጋት ነው። ገና ሳይነጋ ተነሥተው ጉዳይ ይሰማሉ፤ ሕንፃ ሲሠራ ከሠራተኛው መካከል ይገኛሉ። ክፉ ቀን በተባለው የረኃብ ዘመን ከብቱ አልቆ ገበሬው በሬ ባጣ ጊዜ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቈፍረዋል።

ለሕክምናም ልዩ ፍቅር ነበራቸው። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የመስኮብ ቀይ መስቀል ጓድ በአዲስ አበባ ቈስለኞችን ሲያክም ሥራውን በቅርብ ይከታተሉ ነበር። የፈንጣጣ ክትባት በሕዝቡ ዘንድ እንዲለመድም ደግፈዋል። እንዲህ ያሉት ሰው ግን የራሳቸው ሕመም በመጣ ጊዜ የዘመኑ ሕክምና ሊያድናቸው አልቻለም።

ሕመሙ እንዴት ጀመረ?

መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. የሐረርጌው ገዥ ራስ መኰንን ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው፥ ከድሬዳዋ እምብዛም በማይርቀው በቁልቢ ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ የሚተማመኑባቸውን የቅርብ ዘመዳቸውን፥ ብዙ ሰውም አልጋ ይወርሳሉ ብሎ የሚያስባቸውን ሰው አጡ። በእነዚሁ ዓመታት የራሳቸውም ጤና ይናወጥ ጀመር፤ እስከ 1900 ዓ.ም. ድረስ ድካሙ የማይሸሸግ ሆነ።

በሽታው ዛሬ ስትሮክ እየተባለ የሚጠራው ነው። ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ፥ ደም ያጣው የአንጎል ክፍል ይሞታል። ያ ክፍል ያዝዘው የነበረው እጅ፥ እግር ወይም ምላስ መታዘዝ ያቆማል። አንዳንድ ጊዜ ሕመምተኛው ያገግምና ዳነ ይባላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የመታ በሽታ ደግሞ የመምታቱ አደጋ ከፍ ያለ ነው። በምኒልክ ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር፤ እየተሻላቸው እንደገና ይወድቁ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ፈውስን በሁለት መንገድ ፈለጉ። በአንድ በኩል ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደው ጠበል ተጠመቁ። በሌላ በኩል የውጭ አገር ሐኪሞችን አስጠሩ። የጓደሎፕ ተወላጅ የሆኑት ዶክተር ቪታልየንና በልጅነታቸው ከመቅደላ በእንግሊዞች ተወስደው ሕክምና የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከአካሚዎቻቸው መካከል ናቸው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ እዚያው ቆሞ ስለ ነበር፥ ከአውሮፓ የሚመጣ ሐኪምም ሆነ መድኃኒት ከድሬዳዋ ጣቢያ ወርዶ በበቅሎ የብዙ ቀን መንገድ መጓዝ ነበረበት።

ጊዜ ሳለ የተሠራ ሥራ

ምኒልክ ሕመማቸውን በዝምታ ብቻ አልተቀበሉትም። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ። ቀድሞ በአንድ ሰው እጅ የነበረው ሥራ ለጦር፥ ለፍርድ፥ ለገንዘብ፥ ለንግድና ለሌላውም ተከፋፈለ። አዲሱ የአስተዳደር ፈሊጥ ከአውሮፓ የተወሰደ ቢሆንም፥ የደከመ ትከሻን ሸክም ለማቅለልም ጠቅሟል።

ቀጥሎም የአልጋ ወራሽ ነገር ነበር። በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ፥ ዐሥራ አምስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ኢያሱን፥ ወራሻቸው መሆኑን በዐዋጅ አስታወቁ፤ ራስ ተሰማ ናደውንም ሞግዚት አደረጉ። ዐዋጁን የሚያፈርስ እንዲረገምም ቃለ ውግዘት ተጨመረበት። ይህን ሁሉ ያደረጉት አንደበታቸው ገና ሳለ ነው። ከአምስት ወር በኋላ፥ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባዱ ሕመም መትቶ ጣላቸው፤ ከዚያ በኋላ አገር ሊገዙ አልቻሉም። በስማቸው የሚጠራው ሆስፒታል በአዲስ አበባ የተቋቋመውም በዚሁ በ1902 ዓ.ም. ነው።

አስታማሚዎቹና የተዘጋው በር

ከጥቅምት 1902 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ድረስ አራት ዓመት ከሁለት ወር አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥልጣኑ በእቴጌ ጣይቱ እጅ ነበር፤ ይሽሩና ይሾሙ ጀመር። በዚህ የተቈጡት የሸዋ መኳንንት መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ገለል ብለው ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። መኳንንቱ ይህን የተናገሩት እንደ ቅጣት ነው። ነገር ግን እውነቱን ለሚመዝን ሰው፥ አንደበቱ የተያዘን ሰው ቀንና ሌሊት ማገላበጥ፥ ማጉረስ፥ በዓይኑ ጥቅሻ የፈለገውን መረዳት ከሹመት ሁሉ የሚከብድ ሥራ ነው። እቴጌይቱና የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱ እስከ መጨረሻው ድረስ ፈጸሙት።

ከበሩ ውጭ ግን ሌላ ነገር ይወራ ነበር። ሕዝቡ ንጉሡን ስለማያይ፥ አንዳንዱ ሞተዋል ይላል፤ አንዳንዱ ተሽሏቸዋል ይላል። ጀርመናዊው ሐኪም ዶክተር ሽታይንኩለር ንጉሠ ነገሥቱ መርዝ ተሰጥቷቸዋል በማለቱ ከተማው ታወከ። ራስ ተሰማም በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. በድንገት ስለ ሞቱ፥ ወጣቱ ኢያሱ ያለ ሞግዚት ቀረ። በ1905 ዓ.ም. ደግሞ ሕመምተኛው ከቤተ መንግሥቱ ይውጡ አይውጡ በሚል ነገር በኢያሱ ሰዎችና በቤተ መንግሥቱ ዘበኞች መካከል ግጭት ተነሣ። አንድ መናገር የማይችል ሽማግሌ በተኛበት ክፍል ዙሪያ መሣሪያ መነሣቱ ያሳዝናል።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ ሬሳቸውም በቤተ መንግሥቱ ግቢ በስውር ተቀመጠ። ያን ያህል የተወደዱ ንጉሥ በወጉ ሳይለቀስላቸው ቀሩ። ኢያሱም ዘውድ ሳይጭን ሦስት ዓመት ያህል ገዛ፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ወደ ሐረር በወረደበት ከአልጋው ተሻረ። ከወር በኋላ በሰገሌ ብዙ ደም ፈሰሰ። ለዚህ ሁሉ ሕመሙ ብቻ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን እውነት ሲደበቅ ጥርጣሬ ቦታውን ይይዛል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን በ1912 ዓ.ም. መስከረም በዚሁ በሽታ ሲመቱ፥ ባለቤታቸው እስከ ዘመነ ሥልጣናቸው ፍጻሜ አሥራ ሰባት ወር ያህል የሕመማቸውን ክብደት ከሕዝብ ሸሽገዋል። አሜሪካኖች ፕሬዚዳንት ሥራውን መሥራት ሲያቅተው ሥልጣኑ እንዴት እንደሚተላለፍ በሕገ መንግሥታቸው በግልጽ የጻፉት በ1959 ዓ.ም. ነው።

ለዛሬ ሰው የሚተርፈው

የደም ግፊት ለስትሮክ ዋናው መንሥኤ መሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው። ክንድ ላይ ታስሮ ግፊቱን የሚለካውን መሣሪያ ሪቫ ሮቺ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም ያስተዋወቀው የዐድዋ ጦርነት በተደረገበት በ1896 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ነው። ግፊቱን በደህና የሚያወርደው መድኃኒት ግን የተገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለሆነ ለምኒልክ አልደረሰላቸውም። ለእኛ ግን ደርሷል። በሽታው ሳያሳምም ስለሚቈይ ካልተለካ አይታወቅም፤ መድኃኒቱም ተሻለኝ ተብሎ የሚቋረጥ ሳይሆን በየቀኑ የሚወሰድ ነው። ይህ ሥርዐት ለቤተ መንግሥት ሰውም፥ በድሬዳዋ ገጠር በቢዮ አዋሌ ለሚኖር ገበሬም አንድ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶችም ከምኒልክ ሕይወት ሁለቱን ወገን እዩ። ጉልበት ሳለ ሥራን ማካፈልና ተተኪን መሰየም ብልኅነት ነው፤ እርሳቸው ይህን አድርገዋል። ሕመምን እንደ ነውር መሸሸግ ግን ለታማሚውም ለሥራውም አይበጅም፤ ይህ በዙሪያቸው የነበሩት ሰዎች ስሕተት ነው። የምኒልክ ዐፅም በኋላ ዘመን በልጃቸው በንግሥት ዘውዲቱ ወደተሠራው ወደ በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን በክብር ፈልሷል። ልጃቸው ዘውዲቱና አስታማሚያቸው ጣይቱም ዛሬ በዚያው በአጠገባቸው ያርፋሉ።