አፄ ፋሲልና የጎንደር ኖራ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ጎንደሬ መሆኔን ስለሚያውቁ ስለ አፄ ፋሲል እንድጽፍ ሲጠይቁኝ የታሪክ ምሁር አለመሆኔን ነግሬያቸው ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ወደ ንግድ የገባሁ፣ እዚህ ናይሮቢ የግንባታ ዕቃ የምሸጥ ባለሱቅ ነኝ። የማውቀው ሲሚንቶ፣ ሚስማር፣ ቆርቆሮና ቀለም ነው። ሆኖም ስለ እኚህ ንጉሥ ግንብ አንድ ባለሱቅም የሚለው አይጠፋም ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። ልጆቻችን እንዳይደናገሩ ዓመተ ምሕረቱን የጻፍኩት እዚህ በትምህርት ቤት በሚማሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አፄ ፋሲል፣ በሙሉ ስማቸው ፋሲለደስ፣ በ1603 በሸዋ ቡልጋ ውስጥ መገዘዝ በሚባል ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው አፄ ሱስንዮስ ያኔ ገና ዙፋኑን ለመያዝ የሚዋጉ ሰው ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሡ። በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ማለት ድንኳን ማለት ነበር። ንጉሡ በበጋ ይዘምታሉ፣ ክረምቱን አንድ ቦታ ከርመው ማገዶውና ሣሩ ሲያልቅ ሰፈሩ በሙሉ ይነሣል። ፋሲልም ያደጉት በዚህ ዓይነት ኑሮ ነው። ከተማ የሚባል ነገር ሳያዩ ያደጉ ልጅ ኋላ ከተማ መቆርቆራቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አባታቸው ግን ለቤት የሚጓጉ ሰው ነበሩ። በ1614 አካባቢ እስፓኛዊው ኢየሱሳዊ ካህን ጴድሮ ፓኤዝ ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ የድንጋይ ቤት ሠራላቸው። ይህ ቤት የተገነባው በኖራ አልነበረም፤ በዚያ ጊዜ ግንበኞች ድንጋይ የሚያያይዙት በጭቃ ነበር። በ1620ዎቹ ውስጥ ከሕንድ የመጣ አንድ ግንበኛ ተቃጥሎ ኖራ የሚሆን ድንጋይ በአገሩ አገኘ። የዚያን ዘመን ታሪክ ጽፈው የተዉ ካህናት ይህን እንደ ትልቅ ዜና መዝግበውታል። ከዚያ ወዲህ ደንቀዝ ላይ ቤተ መንግሥት፣ ጢስ ዓባይ አጠገብ ደግሞ የአላታ ድልድይ በኖራ ተሠራ። ፋሲል ይህን ሁሉ ሲያዩ የሃያ ዓመት ወጣት ነበሩ።

ከዚያ የመጣውን ክፉ ጊዜ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ገለጡ፣ ሕዝቡንም በግድ ሊያስገቡ ሞከሩ፣ አገሩም በአመፅ ተናጠ። በ1632 ከላስታ በመጣው በመልክአ ክርስቶስ ጦር ላይ ድል አደረጉ፤ ከወደቁት ውስጥ ግን ስምንት ሺህ ያህሉ የገዛ አገራቸው ገበሬዎች ነበሩ። ልጃቸው ፋሲልና መኳንንቱ ንጉሡን በሬሳው መካከል አሳልፈው የሃይማኖቱን ነገር እንዲተዉ ለመኗቸው ይባላል። በዚያው ወር ሱስንዮስ የቀደመውን እምነት መልሰው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለቀቁ። ወሩ ሳይበዛ ሞቱ።

ፋሲል ሲነግሡ 29 ዓመታቸው ነበር። ገር ሰው ነበሩ ብዬ ልጆቻችሁን አላታልልም። ኢየሱሳውያኑን ከነፓትርያርካቸው አባረሩ። የካቶሊክ ወገን የነበሩትን አጎታቸውን ራስ ስዕለ ክርስቶስን አስረው ኋላ አስገደሏቸው። በ1638 ተሸሽገው የገቡ ሁለት የካፑቺን መነኮሳትን አሰቀሉ። የምጽዋንና የሱዋኪንን የቱርክ ሹማምንት ከአውሮፓ የሚመጣ ቄስ እንዳያሳልፉ ተስማሙ።

አሁን እኔ ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። ካህናቱ ሲባረሩ ኖራው አልተባረረም! ግንበኛው፣ ምድጃውና ድንጋዩ የት እንዳለ የሚያውቀው ሰው አገር ውስጥ ቀረ። ፋሲል በጦርነት የተጠሉትን ሰዎች ሥራ ሁሉ ከሰዎቹ ጋር አውጥተው ቢጥሉ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እሳቸው ግን እምነቱን ለይተው ሙያውን ያዙ። በንግድ ዓለም ከተጣላኸው ሰው የቀረህን ጥሩ ዕቃ መጣል ቀላል ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ፣ ከስሬበታለሁም።

ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው። ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት ዋና ከተማ የሚሆነው ስሙ በ«ጎ» ወይም በ«ጉ» የሚጀምር ቦታ ነው የሚል ትንቢት ነበር፤ ስለዚህ ጉዛራና ጎርጎራ ተሞክረው ሳይሆን ቀረ፣ ፋሲል ጎሽ ሲያሳድዱ ጎንደር ላይ ደረሱ ይባላል። ትንቢቱ ይቅርና፣ ቦታውን በነጋዴ ዓይን ያየ ሰው ምክንያቱን አያጣም፤ ሁለት ወንዞች፣ ቀሐና አንገረብ፣ በግራና በቀኝ ያልፋሉ፣ ከምጽዋና ከሱዳን የሚመጣው የሲራራ መንገድም በዚያው ያልፋል።

ልጆቻችን በትምህርት ቤትም ከጎብኚዎችም የፋሲልን ግንብ ፖርቱጋሎች ሠሩት ሲባል ይሰማሉ። ዘመኑን ብቻ ማየት ይበቃል፤ ካህናቱ የወጡት ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት ነው። በ1648 ከየመን ኢማም የተላከው መልእክተኛ አል ሐይሚ ጎንደር ደርሶ ቤተ መንግሥቱን ባየ ጊዜ የሠራው የሕንድ ሰው መሆኑን ጽፏል። ፖርቱጋሎች በሕንድ በኩል ያመጡት ሙያ ነበረበት ቢባል እስማማለሁ። ድንጋዩ፣ ኖራውና ጉልበቱ ግን የአገሩ ነው።

ግንቡ 32 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማዎች ቆመው ጫፋቸው እንደ እንቁላል የተድበለበለ ነው። ግድግዳው ከዚያው ከአካባቢው የወጣ ጥቁር ድንጋይ ሲሆን የበሩና የመስኮቱ ዙሪያ በቀይ ድንጋይ ተጊጧል። ሰማይ ጥርት ያለ ቀን ከላይ ሆኖ ጣናን ማየት ይቻላል። ኋላ ልጃቸው፣ የልጅ ልጃቸውና ሌሎችም ነገሥታት እየጨመሩበት ዙሪያው 900 ሜትር የሆነ አጥር፣ 12 በርም ያለው ትልቅ ግቢ ሆነ።

ኖራ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ልጆቼም ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለው ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ነጩ ድንጋይ በምድጃ እስከ 900 ዲግሪ ይቃጠላል። ሲወጣ ቀላልና የሚፋጅ ሆኖ ይወጣል። ውሃ ሲፈስበት ይፈላል፣ ይፈርሳል፣ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። በአሸዋ ተለውሶ ድንጋይ ላይ ሲለጠፍ ቀስ እያለ ይጠነክራል፤ የሚጠነክረውም ሲቃጠል የለቀቀውን ጋዝ ከአየር መልሶ እየወሰደ ስለሆነ ዓመታት ይፈጅበታል። ሲሚንቶ ግን 1450 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል። አያቶቻችን በፋሲል ኖራ ውስጥ እንቁላል ገብቶበታል ይሉ ነበር። በማኅበራችን ጉዞ ሞምባሳ ሄዳችሁ ፎርት ጂሰስን ያያችሁ እዚያም የሆነው ተመሳሳይ ነው፤ ፖርቱጋሎች በ1593 ሲጀምሩት ከባሕር የወጣ ድንጋይ በኖራ ገነቡት። ኖራ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም፤ ምድጃው የሚበላው እንጨት ብዙ ነው፣ የጎንደር ዙሪያ ዛፍም ለዚህና ለማገዶ ሳይከፈልበት አልቀረም።

አፄ ፋሲል ግንቡን ብቻ አይደለም የሠሩት። ሰባት ድልድዮች በስማቸው ይነገራሉ፤ ከነዚህ አንዱ በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ነው፤ መካከሉን በጣልያን ጊዜ አርበኞች እንደሰበሩት ይነገራል። ፈርሳ የነበረችውን የአክሱም ጽዮን ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ጥምቀት የሚከበርበት ገንዳም በስማቸው ይጠራል፤ የዛፎቹ ሥር በአጥሩ ድንጋይ ላይ እንደ እጅ ጣት ተጣብቆ ያያችሁት ነው። ከአውሮፓ ቢጣሉም በራቸውን ለዓለም አልዘጉም፤ ከየመን ጋር ተላላኩ፣ ሖጃ ሙራድ የሚባል የአርመን ነጋዴ ደግሞ ልከው በ1660ዎቹ ደልሂ ድረስ ከሕንዱ ንጉሥ ከአውራንግዜብ ዘንድ ደረሰ። ነጋዴን አምባሳደር ማድረጋቸው ለእኛ ለባለሱቆች ክብር ነው።

የመጨረሻ ዘመናቸው ያሳዝናል። ልጃቸው ዳዊት አመፀባቸው። ይዘው ወሕኒ አምባ ሰደዱት፤ ይህን ገደላም አምባ የንጉሥ ዘር ማሰሪያ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። በ1667 አዘዞ ላይ ዐረፉ፣ በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስም ተቀበሩ። ዙፋኑን ልጃቸው ዮሐንስ ወረሱ።

ግንቡ ከባለቤቱ በኋላ ብዙ አየ። በ1888 ደርቡሾች ከተማውን አቃጠሉ። በ1930ዎቹ ጣልያን ግቢውን ሲያድስ ሲሚንቶና ብረት የገባበት ኮንክሪት ተጠቀመ። በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ጎንደርን ደበደቡ። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ጉዳቱ ያልታየው ሲሚንቶው ነበር፤ ጥገና መስሎ ስለመጣ። በ1970ዎቹ የዩኔስኮ ባለሙያዎች ሲመጡ ሲሚንቶውን እያወጡ በኖራ መተካት ጀመሩ፣ በ1979 ግቢው በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ይህን ነገር ድሮ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ እናቴን ባላስቸገርኳት! የአባቴ ቤት ጎንደር ውስጥ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ በኖራ የተለሰነ አሮጌ ቤት ነው። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ግድም እጄ ላይ ገንዘብ ገባና ቤቱ ዘመናዊ እንዲሆን ግድግዳው ሁሉ በሲሚንቶ ይለሰን ብዬ ላክሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ፎቶግራፉን ለደንበኞቼ አሳየሁ። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ግድግዳው አበጠ። እናቴ በስልክ ቤቱ ያልበዋል አለችኝ፤ የሚተኛበት ክፍል ሻገተ፣ እሷም ሳል ያዛት። ልስኑ ሲወድቅ የድንጋዩን ፊት ይዞ ወደቀ። የሰፈራችን አንድ አዛውንት ግንበኛ መጥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳስሰው ነገሩን አስረዷት። ውሃ ከመሬት በድንጋዩ ውስጥ ይወጣል፤ ኖራ ውሃውን ያስተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ግን አፍኖ ውስጥ ያስቀረዋል። ኖራ ከድንጋዩ ስለሚለሰልስ ሲጎዳ የሚፈርሰው እሱ ነው፤ እሱን ደግሞ መተካት ይቻላል። ሲሚንቶው ከድንጋዩ ስለሚጠነክር የሚፈርሰው ድንጋዩ ነው። እኔ ሲሚንቶ ሸጬ ሦስት ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ፣ ይህንን የነገረኝ ግን አንድም የፋብሪካ ወኪል አልነበረም። ለአዲስ ፎቅ ሲሚንቶ ጥሩ ነው፣ ዛሬም እሸጣለሁ። አሮጌ የድንጋይ ቤት ልጠግን ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ግን አሁን አስቀድሜ ግድግዳው በምን እንደተሠራ እጠይቀዋለሁ።

በቅርብ ዓመታት የፋሲል ግንብ እንደገና በሰፊው ሲታደስ ፎቶግራፉን በስልክ ይዘው ሱቄ የመጡ ወገኖች ነበሩ። ግንቡ ነጣ፣ መልኩ ተለወጠ ብለው ተቆጥተው ነበር። እኔ ደግሞ ኖራ ሲለጠፍ ነጭ እንደሆነ፣ እኛ የለመድነው ጥቁረት የክረምትና የሽበት እንደሆነ ነገርኳቸው። ያመነኝም ያላመነኝም አለ። ሥራው በሁሉም ቦታ በትክክል ተሠራ አልተሠራ የሚለውን በዓይኔ ሳላይ አልፈርድም፤ ግንበኛ እንኳ ግድግዳ ሳይዳስስ አይናገርም።

የእናቴን ቤት ሲሚንቶ ማስፈቀፍ ከማስለሰኑ ይበልጥ ገንዘብ ፈጀ። መኝታ ክፍሉ በኖራ ተለስኖ ደርቋል፣ እሷም ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። የደጃፉ ግድግዳ ግን ገና ነው። ለሚመጣው ጥምቀት ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ፣ ግንቡን ካሳየኋቸው በኋላ የተረፈውን አብረን እንለስናለን።