ፓውል ኤርሊክ፤ የሰውነትን መከላከያ በሚዛን የለካ ሐኪም

አንድ ጊዜ ኩፍኝ የወጣለት ሕፃን ዳግመኛ በኩፍኝ እንደማይያዝ፣ ከትክትክ ግን በዚህ ምክንያት እንደማያመልጥ እናቶች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ሰውነት ለእያንዳንዱ ጠላት ለይቶ የሚያዘጋጀው መሣሪያ ምን እንደሆነ፣ ኃይሉስ እንዴት እንደሚለካ ግን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ አልተገለጠም ነበር። ይህን ምሥጢር ወደ ቁጥርና ወደ ሚዛን ካመጡት ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊክ ነው።

ኤርሊክ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1854 በሲሌዥያ ክፍለ ሀገር፣ ስትሬለን በተባለች ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ገና ተማሪ ሳለ አንድ ቀለም የአካልን አንዱን ክፍል አቅልሞ ሌላውን ሳይነካ መቅረቱ አሳቡን ሳበው፤ በ1878 ለዶክትርነት ያቀረበው ጽሑፍም ስለዚሁ ነበር። ሮበርት ኮህ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ባስታወቀ ጊዜ፣ ኤርሊክ ባክቴሪያውን አጥርቶ የሚያሳይ የተሻለ የማቅለም ዘዴ አወጣ። ቆይቶም ራሱ በዚያው በሽታ በመያዙ ለጤናው ወደ ግብፅ ሄዶ ለመሰንበት ተገደደ።

ካገገመ በኋላ ወደ በርሊን ተመልሶ ትኩረቱን ወደ መርዝ አዞረ። በ1891 ባሳተመው ሥራ ለአይጦች ከጉሎ ፍሬ የሚወጣውን ሪሲን የተባለ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ መገባቸው። አይጦቹ ቀድሞ ይገድላቸው የነበረውን መጠን ቻሉ፤ ከሌላ ተክል በሚገኘው አብሪን በተባለው መርዝ ግን ሞቱ። መከላከያው ለአንዱ ብቻ የተሠራ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ቀጥሎም መከላከል የቻሉትን እናቶችና ያልቻሉትን ግልገሎቻቸውን አለዋውጦ በማጥባት፣ የመከላከል ኃይል በእናት ወተት አማካይነት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ አሳየ።

በዚያን ዘመን ዲፍቴሪያ ጉሮሮ እየዘጋ ሕፃናትን ይፈጅ ነበር። ኤሚል ቤሪንግና ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ በ1890 መርዙን ከለመዱ እንስሳት የተወሰደ ሴረም ሌላውን እንስሳ እንደሚያድን አስታውቀው ነበር። ችግሩ ግን የአንዱ ብልቃጥ ሴረም ሲበረታ የሌላው መድከሙ ነበር፤ ሐኪሙ ለሚታነቀው ሕፃን ምን ያህል መስጠት እንዳለበት በርግጠኝነት አያውቅም። ኤርሊክ ለመለኪያ መርዙን ሊጠቀም ሞከረ፤ ሆኖም መርዙ ሲቆይ የመግደል ኃይሉ እንደሚቀንስ፣ ከፀረ መርዙ ጋር የመያያዝ ችሎታው ግን እንደማይጠፋ ተገነዘበ። ስለሆነም ደርቆ፣ አየር በሌለበት ብልቃጥ የታሸገ ሴረም የዘወትር መለኪያ እንዲሆን አደረገ። በ1897 ይፋ የሆነው ይህ ዘዴ ለዓለም አቀፉ የዲፍቴሪያ ፀረ መርዝ ዩኒት መሠረት ሆነ። መርዝነቱን ያጣው መርዝ የመከላከል ኃይልን መቀስቀስ መቻሉም ኋላ ለዲፍቴሪያና ለመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በር ከፈተ።

በዚያው ዓመት ኤርሊክ የነገሩን ምክንያት ለማስረዳት ሞከረ። በሕዋስ ገጽ ላይ ልዩ ልዩ ተቀባዮች አሉ፤ መርዝ እንደ ቁልፍና እንደ መክፈቻው ከሚስማማው ተቀባይ ጋር ይያያዛል፤ ሕዋሱም ያንኑ ተቀባይ ከሚያስፈልገው በላይ አብዝቶ ወደ ደም ይለቀዋል፤ የተለቀቀውም አንቲቦዲ ነው አለ። አንድ ሕዋስ የብዙ ዓይነት ተቀባዮች ባለቤት ነው ማለቱ ስሕተት ነበር። በ1957 ማክፋርሌን በርኔት እያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ዓይነት ብቻ እንደሚይዝ፣ ጠላቱን ያገኘውም ሕዋስ እንደሚራባ ገለጸ። ተቀባዩ ከጠላቱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል የሚለው የኤርሊክ አሳብ ግን ጸንቶ ቀረ።

ሩሲያዊው ኢልያ ሜችኒኮፍ በበኩሉ ሰውነትን የሚጠብቁት ጀርም ዋጭ ሕዋሳት ናቸው ብሎ ይከራከር ነበር። በ1908 የኖቤል ሽልማት ለሁለቱ በአንድነት ተሰጠ፤ ዘመናዊው እውቀትም ሕዋሱም አንቲቦዲውም ተደጋግፈው እንደሚሠሩ አረጋግጧል። ኤርሊክ ከዚያ በኋላ ለቂጥኝ ሳልቫርሳን የተባለውን መድኃኒት በ1910 ለሕክምና አበረከተ።

በኦገስት 20 ቀን 1915 ዐረፈ። በናዚዎች ዘመን አይሁዳዊ በመሆኑ ስሙ እንዲረሳ ቢደረግም፣ ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን የሴረምና የክትባት መቆጣጠሪያ ተቋም በስሙ ተጠራ። ሴረምም ሆነ ክትባት ወደ ሕፃኑ ከመድረሱ በፊት ኃይሉ እንዲለካ ያጸናው ሥርዓት የባለሙያው የዕለት ተግባር ሆኖ ይኖራል።