ሲሞር ክሬይና ፈጣን የሒሳብ መኪናዎቹ

በመኝታ ቤታችን ሁለት ተማሪዎች ከተገናኙ ኢንቴል ይሻላል፣ የለም ኤኤምዲ ይበልጣል እየተባለ እስከ እኩለ ሌሊት ክርክር መሆኑ የታወቀ ነው። እኛም የዚህን ክርክር መነሻ ለማሳየት የአንድ ሰው ታሪክ ባጭሩ ልናቀርብ አስበናል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሲሞር ክሬይ በ1925 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በዊስኮንሲን፣ ቺፔዋ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሬዲዮ ሠራተኛነት ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስናና ሒሳብ ተማረ። ከዚያም ኮንትሮል ዳታ የተባለው ኩባንያ ገና እንደ ተቋቋመ ገባ።

ክሬይ ስብሰባ የማይወድ ሰው ስለ ነበረ የሥራ ቦታውን ወደ ትውልድ ከተማው አዛወረ። በዚያም ጠራጊው ጭምር ተቆጥሮ 34 ሰዎች ብቻ ሆነው ሲዲሲ 6600 የተባለውን መኪና ሠሩ። የአይቢኤም የበላይ ቶማስ ዋትሰን በ1963 ዓ.ም. ወሬውን ሲሰማ፣ ያን የሚያህል ኩባንያ በእነዚህ ጥቂት ሰዎች እንዴት እንደ ተቀደመ ሹማምንቱን በጽሑፍ ጠየቀ። መኪናው በ1964 ዓ.ም. ሲወጣ ስትሬች ከሚባለው የአይቢኤም መኪና ሦስት እጥፍ ገደማ ይፈጥን ነበር።

እኛን ይበልጥ የሚያስገርመን ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ክሬይ በ1972 ዓ.ም. ለቆ የራሱን ኩባንያ ሲያቋቁም፣ ኮንትሮል ዳታ በበኩሉ ስታር 100 የሚባል መኪና አወጣ። ይህ መኪና ቁጥሮችን በረድፍ አሰልፎ ስለሚያሰላ በሴኮንድ እስከ 100 ሚሊዮን ስሌት ይደርሳል ተባለለት። ዳሩ ግን ለእያንዳንዱ ረድፍ ከዋናው ማኅደር እየጫነ ወደዚያው ስለሚመልስ መነሻው ረዥም ነበር፤ ነጠላ ሒሳብ ሲመጣበትም ይንቀራፈፍ ነበር።

ነገሩን በጣና ላይ እናስበው። ውሃው ላይ ከወጣ የሚቀድመው የሌለ፣ ነገር ግን ለመጫን ግማሽ ቀን የሚፈጅ የሞተር ጀልባ አለ እንበል። ከዘጌ የሚመጣው ሁለት ኩንታል ቡና ብቻ ከሆነ ባለ ታንኳው ቀድሞ ባሕር ዳር ይገባል።

በ1976 ዓ.ም. ሎስ አላሞስ የገባው ክሬይ 1 ግን እያንዳንዳቸው 64 ቁጥር የሚይዙ 8 ማደሪያዎች ከማስያው አጠገብ ነበሩት፤ ስለዚህ በአጭር ረድፍም ያዋጣ ነበር። ነጠላውንም ሒሳብ በፍጥነት ይሠራ ነበር። ከፍተኛ ፍጥነቱ 160 ሚሊዮን መሆኑ ብቻ አይደለም ያሸነፈው። ጂን አምዳል በ1967 ዓ.ም. እንዳስገነዘበው፣ የሥራው እኩሌታ ሊፋጠን የማይችል ከሆነ ሌላው እኩሌታ እንደ መብረቅ ቢሆንም ጠቅላላው ከሁለት እጥፍ አያልፍም።

ጣናን አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር ብንሸነሽነው 3 ሺህ ገደማ ክፍል ይወጣዋል። የመካከሉ ውሃ በረድፍ ይሰላል፤ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የሚገቡበት ዳር ግን እያንዳንዱ የራሱ ደንብ አለው። እንግዲህ የትኛው ፕሮሰሰር ይሻላል ለሚለን ሰው፣ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ትቶ የገዛ ሥራውን አስጭኖ ሰዓት ይያዝ እንላለን። ጃክ ዶንጋራም ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ልዩ መኪናዎችን አንድ ዓይነት የእኩልታ ሥራ እያሠራ መዝግቧል።

ክሬይ ጉድለት አልነበረበትም አንልም። በመጀመሪያው ክሬይ 1 ላይ የማኅደር ስሕተት የሚያርም መሣሪያ አላስገባም፤ በኋለኞቹ ላይ ግን ተጨመረ። ብዙ ርካሽ ፕሮሰሰሮችን ማገናኘትንም ለረዥም ጊዜ አልወደደውም። ከሲሊከን ይልቅ በጋሊየም አርሰናይድ የሠራው ክሬይ 3 ገበያ አጥቶ ኩባንያው በ1995 ዓ.ም. ከሰረ። በሚከተለው ዓመት ሐሳቡን ለውጦ፣ ብዙ ፕሮሰሰሮችን በአንድነት የሚያሠራ መኪና ለመሥራት በ70 ዓመቱ ሌላ ኩባንያ አቋቋመ። ግን ብዙ አልቆየም፤ በመስከረም ወር ኮሎራዶ ውስጥ የመኪና አደጋ ደርሶበት ጥቅምት 5 ቀን 1996 ዓ.ም. ዐረፈ።