የዐፄ ሱስንዮስ የመጨረሻው ዐዋጅ

በየዓመቱ በከተራ ዕለት የጎንደር ታቦታት በዝማሬና በእልልታ ታጅበው በዐፄ ፋሲለደስ ስም ወደሚጠራው ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። እኛም በዛሬው የበዓለ ጥምቀት ገጻችን የእኒህን ንጉሥ አባት፣ የዐፄ ሱስንዮስን ሕይወት እናወሳለን። የጥምቀትና የታቦት ነገር አገሪቱን በደም ያጠባት በእሳቸው ዘመን ነበርና።

ሱስንዮስ ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘር የተወለዱ ናቸው። በብላቴንነታቸው በኦሮሞ ጦር ተማርከው ከማረኳቸው ጋር ሲኖሩ ቋንቋቸውንና የጦር ስልታቸውን ተማሩ። በ1599 ዓ.ም. ዐፄ ያዕቆብን ድል ነሥተው ዙፋኑን ያዙ። ከዚያም የፖርቱጋልን ርዳታ ተስፋ አድርገው፣ በኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በፔድሮ ፓኤዝ ትምህርትም ተስበው ወደ ካቶሊክነት አዘነበሉ። ይህን የተቃወሙት ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በ1609 ዓ.ም. ተገደሉ። ንጉሡም በ1614 ዓ.ም. አዲሱን እምነታቸውን በይፋ ገለጡ።

ነገሩ የከፋው ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1617 ዓ.ም. ከመጡ በኋላ ነው። የተጠመቀው ምእመን እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ ክህነት እንዲቀበሉ፣ ጾሙና በዓሉም በሮም ሥርዐት እንዲሆን ታዘዘ። ላስታ ሸፈተ፤ ሌላውም አገር ታወከ።

በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል አደረጉ። በዚያ ቀን 8,000 ያህል ሰው እንደ ወደቀ ተጽፏል። መኳንንቱም ንጉሡን በሬሳው መካከል አቁመው፣ የሞቱት ባዕዳን ሳይሆኑ የገዛ ክርስቲያን ሕዝባቸው መሆናቸውን እንዳሳሰቧቸው ይተረካል። ከዚህ በኋላ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ፣ ካህናቱም ታቦታቸውን ወደ መቅደስ አግብተው እንዲቀድሱ ዐዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። እሳቸው ግን ካቶሊክ እንደ ሆኑ ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፉ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ንጉሡ ሕዝቡን በእምነቱ የተዉት በጦር ተሸንፈው ሳይሆን በድል ማግሥት ነው፤ የራሳቸውንም እምነት ሳይለውጡ ነው።

ይህ ትምህርት ግን ከአባት ወደ ልጅ አልተላለፈም። ሃይማኖታችንን የመለሱልን ዐፄ ፋሲለደስ የውጭ ካህናቱን አባረሩ፤ በ1630 ዓ.ም. ሁለት የካፑቺን መነኮሳት በጎንደር ተሰቀሉ። በ1660 ዓ.ም. የነገሡት ልጃቸው ጻድቁ ዮሐንስም እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ አዘዙ። የተገፋው ወገን ሥልጣን ሲያገኝ በተራው ገፋ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል፤ በአንቀጽ 27ም ለማንም የእምነትን ነጻነት ሰጥቷል። ሕጉ ለልጆቻችን በጽሑፍ ይደርሳቸዋል፤ የጎረቤትን እምነት ማክበርን ግን ከእኛ ከወላጆቻቸው ካልተማሩት ከየት ይማሩታል? በዓሉን ስናከብር ይህን በየቤታችን እንነጋገርበት።

መልካም በዓለ ጥምቀት!